ያልተነፋው ጥሩምባ

ሦስት ዓይና ከከተማው ብትርቅ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። አንማው በየጠዋቱ፣ ፀሐይ ከኪዳነ ምሕረት ጉልላት ጀርባ ብቅ ስትል፣ ከቤቱ ወጥቶ መንደሯን ከዳር እስከ ዳር ይዞራታል። ሠላሳ ዓመት ያደረገው ነገር ስለሆነ እግሩ ለምዶታል፤ ከደጁ ይነሳና በግራሩ ጥግ አድርጎ ወደ ውሃ ወፍጮው ይወርዳል፣ ከወፍጮው የወንዙን ዳር ተከትሎ እስከ ድንጋይ ድልድዩ ይሄዳል፣ ከድልድዩ ተመልሶ ዳገቱን ይወጣና ዋርካው ሥር ሲደርስ ቆም ይላል። በደህናው ዘመን እነዚህ ሦስቱ መቆሚያዎቹ ነበሩ። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ እሱ ነበር። ሰው ሲሞት ወፍጮው ጋ አንድ ጊዜ፣ ድልድዩ ላይ አንድ ጊዜ፣ ዋርካው ሥር አንድ ጊዜ ይነፋና የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋል። ሦስቱም ቦታ ከተነፋ በኋላ በሦስት ዓይና አልሰማሁም ብሎ ከቀብር የሚቀር ሰው የለም፤ ቢቀር ከነልጅ ልጁ ሲነሳበት ይኖራል።

አሁን ጥሩምባው የለውም። ከወሰዱበት ሰባት ዓመት ሊሞላ ነው። ሲወስዱበትም ሰብስበው አላመሰገኑት፣ ሰብስበው አልወቀሱት። አንድ ጠዋት ከተኛበት የጥሩምባ ድምፅ ሰማ፤ ጆሮው ውስጥ ውሃ የገባ ይመስል ከሩቅ፣ በጣም ከሩቅ ነበር የሚሰማው፣ የማንን ስም እንደሚለፍፍም አልለየውም። ወጥቶ ቢያይ ደግአረገ፣ የአመለወርቅ ልጅ፣ ዋርካው ሥር ቆሞ ጉንጩን ነፍቶ ይነፋል። ሹመቱ በዚያው ተዛወረ። ሠላሳ ዓመት በዝናብ በፀሐይ የጮኸ ሰው አንድ ቃል እንኳ አይባልም?

ከዚያ ወዲህ የደረሰበትን ንቀት ልዘርዝር ቢል ቀኑ አይበቃውም። ሚስቱ ብርቄ በዚያው ሰሞን ጥቁር ለብሳ፣ አንድ ቃል ሳትተነፍስለት፣ ከተማ እህቷ ዘንድ ሄደች፤ ያን ሰሞን ለሞተችው ለአመለወርቅ ያዘነች መስላ እኔን ለማሳፈር ነው ሲል ፈረደባት። ሠርግ አይጠሩትም። ደቦ አይጠሩትም። የቤቱ ክዳን ባንድ በኩል ሲወድቅ መንደሩ እያየ አለፈ። መንገድ ላይ ሲያገኙት ሰላምታውን ይመልሳሉ፣ መመለሱንስ ይመልሳሉ፣ ግን ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው፣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ እግራቸውን ፈጠን ፈጠን እያደረጉ ነው። «እንዴት አደሩ» ይላሉ። «እግዜር ይመስገን» ይላሉ። አንማው የሚል ግን የለም። ሰባት ዓመት ሙሉ ስሙን ከሰው አፍ አልሰማም።

ይህ ሁሉ ለምን እንደሆነ እሱ በልቡ ያውቀዋል፤ የሚያንገበግበውም ይኸው ነው። ሰው በማያውቀው ነገር ቢንቀው ይሳደብ ነበር፣ እድሩን ይከስስ ነበር፣ ከተማ ወርዶ ማመልከቻ ያስጽፍ ነበር። ግን ከሰባት ዓመት በፊት ነሐሴ ሃያ ቀን ያደረገውን አድርጓል። ሰዎቹ ያን ነገር አውቀውበት እንደሆነ ለማወቅ የማይሰጠው ነገር አልነበረም፤ ጠይቆ ማወቅ ግን በገዛ አፉ መናገር ነውና፣ ይኸው ሰባት ዓመት በየሰዉ ፊት ላይ ሲፈልገው ኖረ።

ዘንድሮ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ከተማው እየሰፋ፣ እየሰፋ፣ ሊውጣቸው ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሦስት ዓይና የምትባል መንደር አትኖርም፣ ቁጥር ይሰጧታል አሉ። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ስሟ ሳይጠፋ ታሪኳ ይጻፍ ብለው ተማከሩና ነገሩን ለትምህርት ቤቱ መምህር ለእንዳላማው ሰጡት፤ የአመለወርቅ የሰባት ዓመት ተዝካር ነሐሴ ሃያ ስለሚወጣ፣ ሰዉም ስለሚሰበሰብ፣ ያን ቀን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ይነበባል ተባለ። አንማው ይህን የሰማው ማንም ነግሮት አይደለም። ከዋርካው ግንድ ጀርባ ቆሞ ነው።

«ስለ ድልድዩ ይርዳው ይንገርህ፤ ባለወፍጮው» ይላል አንዱ ሽማግሌ። «ስለ ታቦቱ ቄስ ገበዙ።»

«ስለ እድሩስ?» አለ መምህሩ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገና «ስለ እድሩ... ደግአረገ ይበቃል» አለ።

የሠላሳ ዓመቱን ትተው የሰባት ዓመቱን! አንማው ግንዱን ተደግፎ ፊቱ ሲግል ተሰማው፤ ወይም ሊግል ሲገባው አልግል ሲለው። መምህሩ በዚያ ሳምንት ከቤት ቤት እየዞረ አሮጊቱንም ሽማግሌውንም ሲጠይቅ በአንማው ደጅ ስምንት ጊዜ አለፈ። አንድ ጊዜ ቆም ብሎ በወደቀው ክዳን በኩል ወደ ውስጥ አየ። አንማው ከውስጥ «ግባ» አለው። መምህሩ አማተበና ሄደ።

እንግዲያው እኔው እጽፈዋለሁ አለ። አራተኛ ክፍል ነው ያቆመው፤ ያቆመውም ደደብ ሆኖ አልነበረም፣ አስተማሪው ፊደል ሲሳሳት በተማሪ ፊት አርሞት ነው፣ ከዚያ በኋላ በዚያ ክፍል መቀመጥ አልተቻለም። የሚያውቃት ፊደል ግን ትበቃለች። ከጥሻ ሥር የወደቀ፣ ግማሹ የተጻፈበት የተማሪ ደብተር አገኘ። ከቤቱ ደረቅ ጎን ተቀምጦ ጀመረ።

ሦስት ዓይና የጥንት አገር ናት ብሎ ጻፈ። እዚህ ገበያ ሲቆም ከተማው የጅብ ጫካ ነበር። ስሟን ያገኘችው ከድልድዩ ነው፤ ድልድዩን የሠራው ከሩቅ የመጣ ግንበኛ ሲሆን ኖራውን በእንቁላል አስለውሶ ነው የገነባው፤ ውሃ ማሳለፊያውን ሦስት አድርጎ ስለከፈተው ሰዉ ዓይን ብሎ ሰየመው። በበጋ ውሃው በመካከለኛው ዓይን ብቻ ያልፋል። በክረምት ሦስቱም ያያሉ። ደራሽ ሲመጣና ውሃው እስከ ቅስቱ ሲሞላ ግን ዓይኑ ጨፈነ ይባላል፤ ዓይኑ ሲጨፍን ከብትም ሰውም ከወንዙ ይርቃል። ከተማው መጀመሪያ ገበያችንን ወሰደ። ቀጥሎ ዳኛችንን ወሰደ። ቀጥሎ ሚስቶቻችንን። አሁን ስማችንን ሊወስድ ነው። በመንደሯ እድር አለ። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ...

እዚህ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ከኮቱ እጅጌ ጫፍ አንድ ጠብታ ውሃ ወረቀቱ ላይ ወረደች፣ ከዚያ ሌላ፤ ቀለሙ ተንሰራፋና ድልድዩንም ገበያውንም ባንድነት ይዞ ጠፋ። ይህ ኮት ደርቆለት አያውቅም። ቤቱ ያፈስሳል፣ ጭስ የለውም፣ ከየት ይደርቃል? የቤቱ ሽታም እንደዚሁ ነው፤ የደለል ሽታ፣ የበሰበሰ ቅጠልና የወንዝ ድንጋይ ሽታ፣ በጋም ክረምትም የማይለቅ። ደብተሩን ዘጋና ተነሣ። ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት አንድ ነገር ነበር፤ መምህሩ ነሐሴ ሃያን ጽፎታል ወይስ አልጻፈውም?

ወደ ወፍጮው ወረደ። ወፍጮ ቤቱ ዝቅ ያለ የድንጋይ ቤት ነው፣ መስኮት የለውም፣ በቀን ገብተህ ዓይንህ ጨለማውን እስኪለምድ የምትሰማው ድምፅ ብቻ ነው፤ ከወለሉ ሥር ውሃው መንኮራኩሩን ሲመታ፣ ከላይ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲያጉረመርም፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ እህሉ እንደ ጥሩ ዝናብ ሲንሿሿ። የትኩስ ዱቄት ሽታ አፍንጫ ይሞላል። ደጁ ላይ የታሰረች አህያ አንማው ሲቀርብ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣለች፣ በኋላ እግሮቿ ተቀምጣ ገመዱን እስኪበጠስ ሳበችው።

«ምን ሆነሽ? ምን አየሽ አንቺ?» እያለ ይርዳው ወጣ። ሽፋሽፍቱ ድረስ ዱቄት ነው። አንማውን ሲያይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከዚያ እንደ ሰዉ ሁሉ መሬት መሬት እያየ፣ «እንዴት ዋሉ» አለ።

«ደህና ነኝ። መምህሩ መጥቶ ነበር አሉ።»

«መጥቶ ነበር።»

«ምን ነገርከው?»

«ስለ ድልድዩ ነው። ስለ ወፍጮው። ሌላ ምን አውቃለሁ እኔ።»

«ስለ... ስለ አመለወርቅ ቀብር ጠየቀህ?»

ይርዳው አህያዋን ማረጋጋት ያዘ። አንገቷን ይደባብሳል። «ስለዚያ ቀን ባናነሳ ይሻላል» አለ። «ያን ቀን መንደሩ በሙሉ አፍሯል። በማግስቱማ...» ብሎ ተወው። «እርስዎም ቢያርፉ ጥሩ ነበር። እባክዎ። እኛም በየዓመቱ የምንችለውን እናደርጋለን።»

በየዓመቱ የሚያደርጉትን አንማው ያውቀዋል። ነሐሴ ሃያ በመጣ ቁጥር ማለዳ ደጁ ላይ ድፎ ቁራሽና በዋንጫ ጠላ ተቀምጦ ያገኛል። ያስቀመጠውን አያይም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ጎረቤቱ ጠጅቱ ዋንጫውን ደፉ ላይ አኑራ ወደ ኋላዋ እያፈገፈገች ስትሄድ ደረሰባት። «እጄ ላይ ብትሰጪኝ ምን አለበት? ለውሻ ነው እንዴ የምታስቀምጪው?» አላት። ጠጅቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። መላው መንደር ያደረገውን እንደሚያውቅ በዚያ ቀን ጠረጠረ፤ ለምን ሌላ ቀን ሳይሆን ያችን ቀን መርጠው ያመጡለታል? ቆሻሻህን አልረሳንም ለማለት ነዋ። ቁራሹን ቀምሶት አያውቅም። ማታ ላይ ወፎች በልተውት ይገኛል።

ከወፍጮ ቤቱ ወጥቶ የወንዙን ዳር ሲይዝ አንድ ነገር አስተዋለ፤ አስተውሎም ፈጥኖ ሊረሳው ሞከረ። ከዚያ ቤት ነጭ ሳይሆን የሚወጣ ሰው የለም። ለአንዲት ሰላምታ የገባ ሰው እንኳ ትከሻውን እያራገፈ ነው የሚወጣው። የእሱ ኮት ግን ጥቁር እንደሆነ ነው። እጁን አገላብጦ አየው፤ አንዲት ብናኝ አላረፈችበትም። ዱቄቱም ናቀኝ አለ፣ ሊስቅም ቃጣው፤ ሳቁ ግን አልወጣም።

ድልድዩ ጋ ደረሰ። ሰባት ዓመት ሙሉ ከተማ ወርጄ እከስሳቸዋለሁ እያለ ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርስ ይመለሳል። ኩራት ነው ይል ነበር ለራሱ፤ የማንንም ደጅ አልጠናም። ዛሬ ግን እግሩን አንስቶ የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ሊያኖረው ሞከረና እግሩ አልሄደለትም። የያዘው ነገር ሳይኖር አልሄደለትም። ከታች፣ ከግራው ዓይን፣ ቀዝቃዛ የደለል ትንፋሽ ይወጣል፤ የቤቱ ሽታ ነው፣ አንድ ዓይነት ሽታ። ከሰባት ዓመት በፊት የተቀመጠባት ደረቅ መደብ ከቅስቱ ሥር አሁንም ትታያለች። ዓይኑን ከእሷ ላይ ማንሳት አቃተው፤ ያን ጊዜ ያ ቀን፣ ሲሸሸው የኖረው ቀን፣ ሙሉውን መጣበት።

ነገሩ የጀመረው በደግአረገ ሠርግ ነው። አንማው ዳስ ውስጥ ገብቶ ከሽማግሌዎቹ ተርታ ተቀምጦ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ሰው ከዚያ ቢቀመጥ አይበዛበትም። አመለወርቅ፣ የሙሽራው እናት፣ የጠላ እንስራ በትከሻዋ እንደያዘች በሰው መካከል መጣችና «አንማው፣ አንተ ወደዚያ ጠጋ፤ ይሄ የሽማግሌ ቦታ ነው» አለች፤ ከዚያ ሳቅ ብላ «አንተን የምንፈልግህ ሰው ሲሞት አይደል?» ብላ ጨመረች። ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ሽማግሌዎቹም ሳቁ፣ ሙዚቃ መቺውም ሳቀ፣ ብርቄም አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። አመለወርቅ ወዲያው ረስታው ይሆናል፤ እንዲያውም ያን ቀን የመጀመሪያውን ብርሌ ያቀበለችው እሷ ናት። እሱ ግን ሦስት ዓመት ከነሳቁ ይዞት ዞረ። ሲተኛ ይሰማዋል። ጥሩምባውን ሲያብስ ይሰማዋል።

እና ነሐሴ ሃያ ማለዳ ደግአረገ ዓይኑ በእንባ አብጦ ደጁ ላይ ቆመ። «ጋሼ፣ እናቴ አረፈች። ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው» አለና ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ አለ። አንማው ትከሻውን ያዘውና «ሂድ ልጄ፣ እኔ አለሁ» አለው። እኔ አለሁ! ጥሩምባውን ይዞ ወጣ። ወፍጮው ጋ አልነፋም። ድልድዩ ላይ አልነፋም። ዝናቡ ሲበረታ ግራው ዓይን ሥር ገባ፣ ደረቅ መደብ ላይ ተቀመጠ፣ ጥሩምባውን ጭኑ ላይ አጋደመ። ሰው ሲሞት የምትፈልጉኝን ሰው እንግዲህ ፈልጉኛ አለ። ሬሳዋን ልጇና ሁለት ጎረቤት ይዘዋት፣ ቄሱ ብቻቸውን ሲፈቱ እያሰበ፣ የዚያችን የሳቅ ድምፅ እያሰበ፣ ውስጡ እየሞቀው ተቀመጠ።

ሙቀቱ ግን አልቆየም። ስድስት ሰዓት ሲቃረብ ቀዘቀዘበት። የልጁ በእንባ ያበጠ ዓይን መጣበት። ልነሳ ይሆን አለ፤ አሁንም ዋርካው ሥር ብሮጥ ይደርሱላታል አለ። ያን ጊዜ ነው ድምፁን የሰማው። ከወንዙ ላይኛ በኩል፣ ከሩቅ፣ እንደ ብዙ ሕዝብ ጫጫታ ያለ፣ እግርና ድንጋይ፣ ለቅሶና ጩኸት የተቀላቀለበት ድምፅ እየጎላ መጣ። ሰው ነው አለ በልቡ። ከየት ሰሙ? ሁሉም ሰምተው መጡ፤ እዚህ ተወሽቄ ሊያገኙኝ ነው። ሮጦ መውጣት ይችል ነበር፤ መንገዱ በእጁ ነበር። ግን አፈረ። ጥሩምባውን አቅፎ ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ፣ እንደ ሕፃን ዓይኑን ጨፍኖ፣ እስኪያልፉ ድረስ ድንጋዩ ላይ ተለጠፈ። ድምፁ ደረሰ።

ከዚያ በኋላ እንዴት ቤቱ እንደገባ አያስታውስም።

ነሐሴ ሃያ ደጁ ላይ ዋንጫ አልተቀመጠም። ይልቁንም ከማለዳው ጀምሮ ሰዉ በነጭ ልብሱ ወደ ኪዳነ ምሕረት ሲወጣ አየ። አንማው የቀብሩን መዘዝ አስቦ ሌሊቱን አልተኛም፤ ለነገሩ መተኛቱን ካቆመ ቆይቷል። መምህሩ ቢያነበው ምን ይላል? ካነበበው ሦስት ዓይና በጠፋች ማግስት እንኳ የሚቀረው የእሱ ውርደት ነው። ካላነበበው ደግሞ ሠላሳ ዓመቱ ከነስሙ ገደል ገባ። ሁለቱም አንገበገቡት። በመጨረሻ፣ ይንገሩኝ አለ፤ ፊት ለፊት ይንገሩኝ፣ ሰባት ዓመት ጀርባ ከማየት ይሻላል።

ዝናቡ ያካፋ ነበር። በቅጥር ግቢው ዳስ ተጥሏል። እሱ ከበሩ ሲገባ ከኋላ ያሉት ዞር አሉ፣ ከዚያ ከፊት ያሉት፤ አንድም ሰው ሳይናገር፣ አንድም ሰው ሳያየው፣ ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለና መንገድ ሰጠው። ሲያልፍ ጋቢዎች ሲሰበሰቡ ይሰማ ነበር። ከሴቶቹ በኩል ብርቄን አያት፤ ከከተማ መጥታለች፣ ጸጉሯ ሸብቷል። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

መምህር እንዳላማው እያነበበ ነበር። ድልድዩን አነበበ፣ እንቁላሉን፣ ገበያውን፣ ታቦቱ የገባበትን ዓመት። ድምፁ ጥሩ ነበር። ከዚያ «በነሐሴ ወር በሃያኛው ቀን፣ ሦስቱም ዓይን በጨፈነ ዕለት...» ብሎ ቀና ሲል ከዓይኑ ትይዩ አንማው ቆሟል። መምህሩ ወረቀቱን አየ። ሰዉን አየ። ቄስ ገበዙ ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁለት። ሁለት ቅጠል ባንድነት ገልብጦ «ትምህርት ቤቱ በቆርቆሮ የተከደነው...» ሲል ቀጠለ።

«ለምን ዘለልከው?» አለ አንማው።

ከዳሱ ጠርዝ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል።

«አንብበው እንጂ! ምን ታፍራለህ፣ የማፍረው እኔ! ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ሰባት ዓመት ስሜን ጠርታችሁ አታውቁም፣ ጽዋ ስታጠጡኝ እንደ ውሻ መሬት ላይ ነው። እሺ፣ ስሙኝ እንግዲህ። ያን ቀን አልነፋሁም። ደግአረገ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ብሎ ነግሮኝ፣ እኔ አለሁ ብዬው፣ ድልድዩ ሥር ገብቼ ተቀመጥኩ። ሰው እንዳይቀብራት ብዬ ነው። ዳስ ውስጥ ሳቀችብኝ ብዬ ነው፤ ለአንዲት ሳቅ! ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ፍረዱብኝና ሰው አድርጋችሁ እዩኝ።»

ተናግሮ ሲጨርስ ከትከሻው ላይ አንድ ትልቅ ሸክም የሚወርድ መስሎት ነበር። አልወረደም። ሰዉ አልተቆጣም። አንድ ሰው እንኳ «አንተ ነህ ለካ» አላለም። ጠጅቱ ታለቅሳለች፣ ይርዳው ያማትባል፣ ሽማግሌዎቹ እንደተያዘ ሌባ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ የሚያፍሩት እነሱ ይመስላሉ።

ያን ጊዜ ደግአረገ ከመካከላቸው ተነሥቶ መጣ። እንደ ሌሎቹ መሬት አላየም። በእጁ ጥሩምባው አለ፤ አንማው አፏ ላይ ያለውን የድሮውን ስርጉድ አወቀው። አሁን ቀርቦ ሲያያት በጉሮሮዋ ውስጥ፣ ጨርቅ በማይደርስበት፣ የደረቀ ደለል እንደ ቅርፊት ተለጥፎባታል። ከቤቴ ነው የወሰዱብኝ ሲል ኖሮ ነበር። እንዴት ከቤቱ? ያን ቀን አቅፏት ነበር እንጂ። ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ አቅፏት ነበር።

«ጋሼ አንማው» አለ ደግአረገ። ስሙን ጠራው። ከሰባት ዓመት በኋላ ስሙን ከሰው አፍ ሲሰማ፣ አንማው እንደ ብርድ ያለ ነገር ከእግሩ ጥፍር ተነሥቶ ሲወጣበት ተሰማው።

«እናውቃለን፤ ከዚያው ቀን ጀምሮ እናውቃለን» አለ ደግአረገ በለሆሳስ፣ ትልቅ ሰው ፊት እንደሚናገር ልጅ። «ሰዉ ይሉኝታ ይዞት ነው። በየጠዋቱ ሲዞሩ እያየን፣ እኛ ብንነግርዎ እርስዎን ማሳፈር ይሆንብናል ብለን ዝም አልን። እኔ ቂም የለኝም፣ ጋሼ። እናቴን አራት ሰው ሆነን ቀበርናት። ለእርስዎ ግን በማግስቱ ይቺኑ ጥሩምባ ከእጅዎ አላቅቄ፣ ጭቃዋን አራግፌ፣ ሦስቱም ቦታ ቆሜ ነፋሁ፤ ከሦስት ዓይና ከቀብርዎ አንድ ሰው አልቀረም።»